ዕጢው ዘንድ ሲደርሱ የሚከፈቱ የካንሰር መድኃኒት ተሸካሚዎች፦ አሠራራቸው፣ ተስፋቸውና ያሉበት ደረጃ

በካንሰር ሕክምና ከሚሰጡ መድኃኒቶች ብዙዎቹ የካንሰርን ሕዋስ የመግደል አቅም አላቸው። አስቸጋሪው ነገር መድኃኒቱ በደም ሥር ከገባ በኋላ የሚደርስበት ቦታ ነው። ደም ወደ ዕጢው ብቻ አይፈስም፤ ወደ ልብ፣ ወደ መቅኔ፣ ወደ አንጀትና ወደ ፀጉር ሥርም ይደርሳል፤ መድኃኒቱም አብሮት ይጓዛል። ታካሚው ፀጉሩ የሚረግፈው፣ የሚያቅለሸልሸው፣ ደሙ የሚቀንሰውና ለሌላ በሽታ የሚጋለጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪሙም ዕጢውን ለማጥፋት የሚበቃውን መጠን ሊሰጥ ቢፈልግ እንኳ የቀረው ሰውነት የሚችለውን ያህል ብቻ ለመስጠት ይገደዳል።

ተመራማሪዎች ለዚህ ችግር ከሚሞክሯቸው መፍትሔዎች አንዱ ለምልክት ምላሽ የሚሰጡ ናኖ ቅንጣቶች ናቸው። እነዚህ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሸካሚዎች መድኃኒቱን በውስጣቸው ሸሽገው በደም ውስጥ ይጓዛሉ። ሙቀት፣ አሲድ፣ ብርሃን፣ የድምፅ ሞገድ ወይም ሌላ የተመረጠ ምልክት ሲያገኙ ደግሞ ይከፈቱና የያዙትን ይለቃሉ። ምልክቱ ዕጢው ባለበት ቦታ ብቻ እንዲገኝ ከተደረገ፣ መድኃኒቱም በአመዛኙ እዚያው ይራገፋል የሚል ነው ሐሳቡ።

ሐሳቡ ከ40 ዓመታት በላይ ተጠንቷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለታካሚዎች የደረሰ ጥቅም አለ፤ ብዙ ተስፋ ተጥሎባቸው በሰፊ ሙከራ ሳይሳካላቸው የቀሩም አሉ። ሁለቱንም ለመረዳት ዶክሶሩቢሲን የተባለውን መድኃኒት ታሪክ መከተል ይጠቅማል።

ከአፈር የተገኘው ቀይ መድኃኒት

የዶክሶሩቢሲን መነሻ አፈር ነው። በ1950ዎቹ የጣሊያን ተመራማሪዎች በደቡብ ጣሊያን አፑሊያ ግዛት፣ ካስቴል ዴል ሞንቴ ከተባለው ጥንታዊ ግንብ አካባቢ ከተወሰደ አፈር ደማቅ ቀይ ቀለም የሚያመነጭ ባክቴሪያ ለዩ። ከባክቴሪያው መጀመሪያ ዳውኖሩቢሲን የተባለው መድኃኒት ተገኘ። በ1960ዎቹ ደግሞ የባክቴሪያውን ዝርያ በመለወጥ ዶክሶሩቢሲን ተገኘ። በሌላ ስሙ አድሪያማይሲን የሚባለው በአካባቢው ባለው በአድሪያቲክ ባሕር ስም ነው።

መድኃኒቱ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ከዘር ቅንጣቱ፣ ማለትም ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር ይጣበቃል፤ ሕዋሱም መባዛት ያቅተዋል፣ ይሞታል። የካንሰር ሕዋሳት በፍጥነት ስለሚባዙ በዚህ መድኃኒት ክፉኛ ይመታሉ። ነገር ግን የፀጉር ሥር፣ ደም የሚሠራው መቅኔ፣ የአፍና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋንም በፍጥነት ከሚባዙ ሕዋሳት የተሠሩ በመሆናቸው አብረው ይጎዳሉ። ይህ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ሲያበቃ ይመለሳል።

ከሁሉ የሚያሳስበው በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ይህ ጉዳት ታካሚው በሕይወት ዘመኑ ከወሰደው ጠቅላላ መጠን ጋር እየጨመረ የሚሄድ ሲሆን፣ ሕክምናው ካበቃ ከዓመታት በኋላም ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች አንድ ሰው የወሰደውን መጠን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይመዘግባሉ፤ የልብንም አሠራር ይመረምራሉ፤ የተወሰነው ገደብ ላይ ሲደርስም መድኃኒቱን ያቆማሉ።

አርሶ አደሩ ይህን ችግር በማሳው ያውቀዋል። አረሙ ከሰብሉ ጋር ተደባልቆ በበቀለበት ማሳ ላይ ሁለቱንም የሚገድል ኬሚካል ቢረጭ አረሙ ይጠፋል፤ ሰብሉም አብሮ ይጠፋል። የሚፈለገው ኬሚካሉ አረሙ ላይ ብቻ የሚያርፍበት ዘዴ ነው። የናኖ ቅንጣት ተመራማሪዎችም ጥያቄ ይኸው ነው።

የናኖ ቅንጣት መጠን

አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። በሌላ አነጋገር 1 ሚሊ ሜትር ውስጥ 1 ሚሊዮን ናኖ ሜትር አለ። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቀይ የደም ሕዋስ ደግሞ ከ7 ሺህ እስከ 8 ሺህ ናኖ ሜትር ስፋት አለው። መድኃኒት የሚሸከሙ ቅንጣቶች ብዙውን ጊዜ 100 ናኖ ሜትር ገደማ ናቸው። ሰባ ወይም ሰማንያ የሚሆኑት ተደርድረው የአንድ ቀይ የደም ሕዋስን ስፋት ይሞላሉ ማለት ነው።

መጠናቸው የሚመረጠው በምክንያት ነው። እጅግ ያነሱ ቅንጣቶችን ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣቸዋል። የተለቁትን ደግሞ ጉበትና ጣፊያ እንደ ባዕድ ነገር ይዘው ያስቀሯቸዋል። መካከለኛው መጠን በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ለመቆየት ያስችላል።

የመጀመሪያው ተሸካሚ

ከተሸካሚዎቹ ሁሉ ቀድሞ የታወቀው ሊፖሶም ነው። በ1960ዎቹ እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃምና የሥራ ባልደረቦቹ በእንቁላል አስኳል ውስጥ እንደሚገኘው ያለ ስብ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ራሱን በራሱ አጥፎ ጥቃቅን ኳሶችን እንደሚሠራ አሳዩ። የኳሱ ግድግዳ ስብ ነው፤ ውስጡ ውኃ ነው። በዚያ ውኃ ውስጥ መድኃኒት ማስቀመጥ ይቻላል።

ዶክሶሩቢሲንን በሊፖሶም ውስጥ የያዘው ዶክሲል የተባለው መድኃኒት በእስራኤል ተመራማሪዎቹ በየሕዝቅኤል ባረንሆልዝና በአልቤርቶ ጋቢዞን ጥናት ላይ የተመሠረተ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.አ.አ በ1995 ፈቃድ የሰጠው ሲሆን፣ በናኖ ቴክኖሎጂ ከተሠሩ መድኃኒቶች በዚያች አገር ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ተብሎ ይጠቀሳል። ከእያንዳንዱ ሊፖሶም ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ የመድኃኒቱ ሞለኪውሎች ተጭነዋል። ውጫዊ ገጹ ደግሞ ውኃ ወዳድ በሆነ ፖሊመር የተለበጠ በመሆኑ የሰውነት መከላከያ ቶሎ አይለየውም። ያልተሸፈነው ዶክሶሩቢሲን ከደም ወጥቶ ወደ አካላት የሚበተነው በደቂቃዎች ውስጥ ሲሆን፣ የተሸፈነው ግን በደም ውስጥ ለቀናት ይቆያል።

ሊፖሶሙ ወደ ዕጢው እንዴት ይገባል? መልሱ ከጃፓን መጣ። እ.አ.አ በ1986 ያሱሂሮ ማትሱሙራና ሂሮሺ ማኤዳ የዕጢ ደም ሥሮች ከጤናማዎቹ የተለዩ መሆናቸውን ገለጹ። ዕጢ በችኮላ ስለሚያድግ የሚያበቅላቸው ደም ሥሮች ክፍተት የበዛባቸው ናቸው። ጤናማ ደም ሥር የማያሳልፈው ቅንጣት በዚያ ክፍተት ሾልኮ ይገባል። ዕጢው ፈሳሽ የሚያስወግድበት መሥመርም ደካማ በመሆኑ የገባው ቅንጣት ቶሎ አይወጣም።

ውጤቱ ግን የተደባለቀ ነበር። እ.አ.አ በ2004 የታተመና የተዛመተ የጡት ካንሰር ያለባቸው 509 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ በሊፖሶም የተሸፈነው ዶክሶሩቢሲን በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከተለመደው በእጅጉ ያነሰ መሆኑን አሳየ። በሽታውን በመቆጣጠር ረገድ ግን ሁለቱ ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። በተጨማሪም ሽፍኑ መድኃኒት በእጅ መዳፍና በእግር ውስጥ ቆዳ ላይ መቅላትና መቁሰል ያስከትላል።

ከምክንያቶቹ አንዱ የሽፋኑ ጥንካሬ ነው። ልብን ከመድኃኒቱ የሚጠብቀው ያው ሽፋን፣ ዕጢው ውስጥ ከገባ በኋላም መድኃኒቱን ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ስለዚህ በመንገድ ላይ ጥብቅ፣ በመድረሻው ላይ ግን ፈጥኖ የሚከፈት ሽፋን ያስፈልጋል።

ከሰውነት ውስጥ የሚመጡ ምልክቶች

ሽፋኑን የሚከፍቱት ምልክቶች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ዕጢው ራሱ የሚፈጥራቸው ናቸው።

አንደኛው አሲዳማነት ነው። በአሲዳማ አፈር የተቸገረና ኖራ የበተነ አርሶ አደር የአሲድ መጠን በፒ.ኤች. እንደሚለካ ከግብርና ባለሙያ ሰምቶ ይሆናል። ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይጨምራል፤ በአንድ ቁጥር መውረድ ማለት አሲዳማነቱ በ10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። የሰው ደም ፒ.ኤች. 7.4 ገደማ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ቫርቡርግ በ1920ዎቹ እንዳሳየው የካንሰር ሕዋሳት ስኳርን በብዛት እየተጠቀሙ ላክቲክ አሲድ ያመነጫሉ። በዚህም የተነሣ የብዙ ዕጢዎች ዙሪያ ወደ 6.5 እና 6.9 ይወርዳል። ቅንጣቱ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ሲዋጥ ደግሞ 5 አካባቢ ወደሆነ ክፍል ይገባል። በደም ፒ.ኤች. ጸንቶ የሚቆይና በዚህ አሲድ የሚፈርስ ማያያዣ በመጠቀም መድኃኒቱን እዚያ እንዲለቅ ማድረግ ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ማረም ተገቢ ነው። የዕጢ ዙሪያ አሲዳማ መሆኑ ሰው በሚበላው ወይም በሚጠጣው የሚመጣ አይደለም፤ በምግብም አይስተካከልም። የደምን ፒ.ኤች. ሳንባና ኩላሊት በጠባብ ክልል ውስጥ ጠብቀው ያቆዩታል። የደምን አሲድ በመቀነስ ካንሰርን ያድናል ተብሎ የሚሸጥ ውኃ ወይም ዱቄት ከዚህ ጥናት ጋር ግንኙነት የለውም።

ሁለተኛው ምልክት ኢንዛይም ነው። ዕጢ ወደ ጎረቤት ሥጋ ለመስፋፋት ሕዋሳትን አያይዞ የያዘውን መረብ የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን በብዛት ያመነጫል። ቅንጣቱ በእነዚህ ኢንዛይሞች በሚቆረጥ አጭር የፕሮቲን ክር ከታሰረ፣ ዕጢው ለመስፋፋት ያዘጋጀው መሣሪያ የመድኃኒቱን ማሰሪያ ይቆርጣል ማለት ነው።

ሦስተኛው ግሉታቲዮን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ይህ ንጥረ ነገር በሕዋሳት ውስጥ ያለው ክምችት ከሕዋስ ውጭ ካለው ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። በሁለት የድኝ አተሞች የተያያዘ ማሰሪያ በደም ውስጥ ሳይበጠስ ቆይቶ፣ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ በግሉታቲዮን ይበጠሳል።

የውስጥ ምልክቶች ትልቅ ጥቅም ዕጢው ያለበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ የማይጠይቁ መሆናቸው ነው። ጉድለታቸውም አለ። ከአንዱ ዕጢ ሌላው፣ በአንዱ ዕጢም ውስጥ ከአንዱ ጥግ ሌላው ጥግ ይለያያል። ኢንዛይሞቹ በቁስልና በእብጠት አካባቢም ይገኛሉ። ስለዚህ ምልክቱ ዕጢው ዘንድ ብቻ ይኖራል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ከውጭ የሚሰጡ ምልክቶች

ሁለተኛው ምድብ ሐኪሙ በመሣሪያ የሚሰጣቸው ምልክቶች ናቸው፤ ሙቀት፣ ብርሃን፣ መግነጢስና የድምፅ ሞገድ። እነዚህን መቼና የት እንደሚሰጡ መወሰን ይቻላል።

ብርሃንን በተመለከተ በአሜሪካ ራይስ ዩኒቨርሲቲ በናኦሚ ሃላስና በጄኒፈር ዌስት የተጀመረው ሥራ ይጠቀሳል። እነርሱ የሠሩት ቅንጣት ውስጡ ሲሊካ፣ ላዩ በስሱ የተለበጠ ወርቅ ነው። በዓይን የማይታይ ቀይ ዘለል ጨረር ሲያርፍበት ይሞቃል። እ.አ.አ በ2019 የፕሮስቴት ካንሰር ባለባቸው 16 ወንዶች ላይ የተደረገ የመጀመሪያ ሙከራ ውጤት ታትሟል። ብርሃን ግን በሥጋ ውስጥ ርቆ ስለማይገባ፣ ጥልቅ ላለ ዕጢ የብርሃን ማድረሻ ቀጭን መሣሪያ ወደ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል።

በመግነጢስ ረገድ በጀርመን የተሠሩ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች በአውሮፓ እ.አ.አ በ2010 ለአንጎል ዕጢ ሕክምና ፈቃድ አግኝተዋል። ቅንጣቶቹ በቀጥታ ዕጢው ውስጥ ይወጋሉ፤ ከዚያም አቅጣጫውን በፍጥነት የሚቀያይር የመግነጢስ ኃይል ያሞቃቸዋል። የወርቁም ሆነ የብረቱ ቅንጣት በእነዚህ ሕክምናዎች ዕጢውን የሚመታው በሙቀቱ እንጂ በተሸከመው መድኃኒት አይደለም። ለምልክት ምላሽ ከሚሰጡት መካከል ከላቦራቶሪ ወጥተው ወደ ታካሚ ከደረሱት ጥቂቶች መሆናቸው ግን አስፈላጊ ያደርጋቸዋል።

መድኃኒት ተሸክሞ በውጭ ምልክት የሚከፈት ተሸካሚ በሰፊው የተፈተነው በሙቀት ነው።

በሙቀት የሚከፈተው ሊፖሶም

ቅቤ በማለዳ ብርድ የረጋ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀልጣል። የሊፖሶም ግድግዳም ስብ በመሆኑ የሚላላበት የሙቀት መጠን አለው። አሜሪካዊው ሚልተን ያትቪንና ባልደረቦቹ እ.አ.አ በ1978 ይህን በመጠቀም ከሰውነት ሙቀት ጥቂት ከፍ ሲል የሚከፈት ሊፖሶም ማዘጋጀት እንደሚቻል አሳዩ። በኋላም በዱክ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ኒድሃምና ማርክ ዱዊርስት ሐሳቡን አሻሽለው፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ጸንቶ የሚቆይና 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ዶክሶሩቢሲንን በሰከንዶች ውስጥ የሚለቅ ሊፖሶም ሠሩ። ይህ ተሸካሚ ተርሞዶክስ በሚል ስም ወደ ታካሚዎች ሙከራ ገባ።

የመጀመሪያው ታላቅ ሙከራ የጉበት ካንሰር ባለባቸው 701 ሰዎች ላይ የተደረገ ነው። ሁሉም በራዲዮ ሞገድ በምትሞቅ መርፌ ዕጢያቸው እንዲቃጠል ተደረገ። ግማሽ ያህሉ ተጨማሪ ተርሞዶክስ ተሰጣቸው። የታሰበው፣ መርፌዋ የዕጢውን መሐል ስታቃጥል ጠርዙ ለብ ብሎ መድኃኒቱን እንዲከፍትና እሳቱ ያልደረሰባቸው ሕዋሳት በመድኃኒቱ እንዲሞቱ ነበር። ውጤቱ እ.አ.አ በጥር 2013 ይፋ ሲሆን፣ ተርሞዶክስ የተጨመረላቸው ሰዎች በሽታው ሳይባባስ በቆዩበት ጊዜ ከሌሎቹ በሙከራው የታለመውን ልዩነት አላሳዩም።

መረጃው እንደገና ሲመረመር፣ ለ45 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሙቀት ያገኙ ታካሚዎች የተሻለ ውጤት ያገኙ መስሎ ታየ። ስለዚህ ሙቀቱ ቢያንስ ለ45 ደቂቃ እንዲቆይ ተደርጎ 556 ታካሚዎች የተሳተፉበት ሁለተኛ ሙከራ ተካሄደ። እ.አ.አ በ2020 ግን ውጤቱን የሚከታተለው ገለልተኛ ኮሚቴ፣ ሙከራው የታለመለትን ጥቅም የማሳየት ዕድሉ አነስተኛ በመሆኑ መቆሙ እንዲታሰብበት መከረ።

በዚያው መካከል በእንግሊዝ ኦክስፎርድ የተደረገ ትንሽ ሙከራ የተለየ ነገር አሳይቷል። የጉበት ዕጢ ያለባቸው 10 ሰዎች ተርሞዶክስ በደም ሥር ከተሰጣቸው በኋላ፣ ከሰውነታቸው ውጭ የተቀመጠ መሣሪያ የድምፅ ሞገድን በዕጢው ላይ አነጣጥሮ አሞቀው። ቆዳ መቅደድ አላስፈለገም። እ.አ.አ በ2018 የታተመው ውጤት፣ ከድምፅ ሞገዱ በኋላ በዕጢው ውስጥ የተገኘው መድኃኒት በአማካይ 3.7 እጥፍ መጨመሩን ያሳያል።

ሁለቱ ውጤቶች አይጋጩም። የኦክስፎርዱ ሙከራ ተሸካሚው በታዘዘበት ቦታ መከፈቱን አረጋገጠ። ታላላቆቹ ሙከራዎች ደግሞ በዚያ መንገድ መከፈቱ ብቻውን ታካሚውን ረዘም ላለ ጊዜ ለማቆየት እንዳልበቃ አሳዩ። መድኃኒት ዕጢው ዘንድ መድረሱ አንድ ነገር ነው፤ ታካሚው መጠቀሙ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ዘርፍ የሚወጣን ማንኛውንም የምሥራች ሲሰሙ መጠየቅ የሚገባውም ይኸው ነው፤ የተለካው በዕጢው ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው ወይስ የታካሚው ዕድሜና ጤና?

የሚያዘገዩት እንቅፋቶች

የመጀመሪያው እንቅፋት ወደ ዕጢው የሚደርሰው መጠን ማነስ ነው። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው እ.አ.አ በ2016 ባወጡት ትንታኔ፣ በእንስሳት ላይ ከተሰጡት ናኖ ቅንጣቶች ዕጢው ዘንድ የሚደርሱት እንደ መካከለኛ ግምት ከመቶ 0.7 ብቻ ናቸው። ከሺህ ቅንጣት ሰባቱ እንደማለት ነው። ከቀሩት ብዙዎቹን ጉበትና ጣፊያ ይወስዷቸዋል። ምንም ያህል ጥሩ ቁልፍ ቢኖረው፣ ደጃፉ ያልደረሰ ተሸካሚ ሊጠቅም አይችልም።

ሁለተኛው በአይጥና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ነው። በላቦራቶሪ አይጥ ላይ የሚተከል ዕጢ በሳምንታት ውስጥ ያድጋል፤ ደም ሥሮቹም እጅግ ክፍተት የበዛባቸው ናቸው። የሰው ዕጢ ግን ለዓመታት ሊያድግ የሚችል ሲሆን የደም ሥሮቹ ክፍተት ከሰው ሰው ይለያያል። በአይጥ የሠራ ተሸካሚ በሰው ላይ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛው የተዛመተ ካንሰር ነው። ሙቀትም ሆነ የድምፅ ሞገድ የሚያነጣጥረው ቦታው በታወቀ ዕጢ ላይ ነው። አብዛኛው የካንሰር ሞት የሚመጣው ግን በሽታው ወደ ሌሎች አካላት በመዛመቱ ነው። ገና ያልታየን ዕጢ በመሣሪያ ማሞቅ አይቻልም።

አራተኛው የአሠራር ውስብስብነት ነው። ቅንጣቱ ብዙ ክፍሎች በተጨመሩለት ቁጥር፣ እያንዳንዱን ምርት ከቀዳሚው ጋር አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራትና ደኅንነቱን ማረጋገጥ ይከብዳል፤ ዋጋውም ይንራል።

አሁን ያለበት ደረጃ

በዛሬው ሕክምና አገልግሎት ላይ ከዋሉት የናኖ መድኃኒቶች የሚበዙት የተለየ ምልክት የማይጠብቁ ተሸካሚዎች ናቸው። ከዶክሲል ቀጥሎ ፓክሊታክሴል የተባለውን መድኃኒት ከአልቡሚን ፕሮቲን ጋር ያጣመረው አብራክሳን እ.አ.አ በ2005 በአሜሪካ ለጡት ካንሰር ፈቃድ አግኝቷል። ኢሪኖቴካንን በሊፖሶም የያዘው ኦኒቫይድ በ2015 ለቆሽት ካንሰር፣ ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ ሊፖሶም የያዘው ቪክሲዮስ ደግሞ በ2017 ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ፈቃድ አግኝተዋል። በአሲድ፣ በኢንዛይም ወይም በግሉታቲዮን የሚከፈቱት ናኖ ቅንጣቶች ግን በአመዛኙ በላቦራቶሪና በእንስሳት ሙከራ ደረጃ ላይ ናቸው።

ለኢትዮጵያ ታካሚዎች ምን ማለት ነው?

በኢትዮጵያ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቁት የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ናቸው። ዶክሶሩቢሲን በአገራችን ሆስፒታሎችም ለጡት ካንሰር ከሚሰጡ መድኃኒቶች አንዱ ነው። በቀይ ቀለሙ ብዙ ታካሚዎች ያውቁታል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የተነሣው የልብ ጉዳት ጉዳይ ለእነርሱም ሩቅ አይደለም። ከሕክምናው በፊትም ሆነ በኋላ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት ወይም ያልተለመደ ድካም የተሰማው ሰው ለሐኪሙ መንገር አለበት። ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚዛወር ታካሚም ቀደም ሲል የወሰደውን የመድኃኒት ዓይነትና መጠን የሚያሳይ ማስረጃ መያዙ ወሳኝ ነው፤ የልብ ገደቡ የሚቆጠረው ከዚያ ተነሥቶ ነውና።

በሊፖሶም የተሸፈነው ዶክሶሩቢሲን ከተለመደው ይልቅ ውድ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ፣ ነገር ግን ሳይበርድ እስከ በረዶነት ድረስ፣ መቀመጥም አለበት። መብራት በሚቆራረጥበትና መንገድ ረጅም በሆነበት አካባቢ ይህን መጠበቅ ቀላል አይደለም። በሙቀት ወይም በድምፅ ሞገድ የሚከፈቱት ደግሞ ውድ መሣሪያና በመሣሪያው የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋሉ። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ በነበረበት አገር፣ አዲስ ቴክኖሎጂ ቢሳካ እንኳ ወደ ታካሚው የሚደርስበት መንገድ ቀድሞ መታሰብ ይኖርበታል።

ከዚህም የተነሣ አዲሱን መድኃኒት በመጠበቅ የተጀመረን ሕክምና ማቋረጥ ወይም ማዘግየት ተገቢ አይደለም። የተለመደው ኬሞቴራፒ የጎንዮሽ ጉዳት ቢኖረውም ጥቅሙ በታካሚዎች ላይ ተፈትኖ የተረጋገጠ ነው። ማቅለሽለሹንና ሌሎች ጉዳቶችን የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ። ናኖ የሚለውን ቃል በመለጠፍ ካንሰርን ያድናል ተብሎ በሱቅ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ የሚቀርብ ዱቄት፣ እንክብል ወይም መጠጥ የገጠመው ሰው፣ ትክክለኞቹ የናኖ ካንሰር መድኃኒቶች በሆስፒታል በሐኪም ትእዛዝና ክትትል እንደሚሰጡ ማስታወስ ይኖርበታል።

በመጨረሻም፣ ዕጢን ነጥሎ ለመምታት የሚደረገው ይህ ሁሉ ጥረት የሚቀለው በሽታው ሳይዛመት ሲገኝ ነው። በአንድ ቦታ ያለ ትንሽ ዕጢ ዛሬ ባሉት ዘዴዎችም፣ በቀዶ ሕክምና ጭምር፣ ሊወገድ ይችላል። በጡት ላይ ያልተለመደ እብጠት ወይም የቆዳ መኮማተር፣ ከወር አበባ ውጭ የሚታይ ደም፣ የማይድን ቁስል፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ያየ ሰው ሕመም እስኪሰማው ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የማሕፀን በር ካንሰርን ለመከላከል በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መሰጠት የጀመረው የኤች.ፒ.ቪ. ክትባትም ለልጃገረዶች ይሰጣል። የናኖ ቅንጣት ተመራማሪዎች የሚደክሙለት ግብ መድኃኒቱ ጤናማውን አካል ሳይጎዳ ዕጢውን እንዲያገኝ ነው። እስከዚያው ግን ታካሚው በጊዜ ሐኪሙን ማግኘቱ ከየትኛውም ተሸካሚ የበለጠ ሕይወት ያተርፋል።